ጥቆማ፦ የካርቦን ሪፖርት አውጡ ለተባላችሁ ቡና ላኪዎች የቱ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ አነስተኛ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ነው የምሰራው። ጀርመን ያለው ገዢያችን የሰፕላይ ቼይናችሁን የካርቦን ልቀት በይፋ አውጡ አለን። ኢኮቫዲስ እንግባ፣ ሲዲፒ እንሙላ ወይስ አማካሪ እንቅጠር? በጀታችን ትንሽ ነው፣ የምታውቁ ጠቁሙኝ። እህታችሁ።

መልስ፦ እንኳን ጠየቅሽ እህቴ፣ ምክንያቱም ብዙ ድርጅት መጀመሪያ ማህተሙን ይገዛና ከዛ ቁጥር ፍለጋ ይገባል። የጠራሻቸው ሦስቱ የተለያየ ስራ ነው የሚሰሩት። ኢኮቫዲስ ደረጃ ሰጪ ነው፣ አካባቢን ብቻ ሳይሆን የሰራተኛ መብትን፣ የንግድ ስነምግባርንና የግዢ አሰራርን አብሮ አይቶ ነው ሜዳሊያ የሚሰጠው፣ በክፍያ። ገዢው በስም ጠርቶ ኢኮቫዲስ ካላለ በመጀመሪያው አመት ብር አላወጣበትም። ሲዲፒ መጠይቅ ነው፣ ከኤ እስከ ዲ ማይነስ ውጤት ይሰጣል፣ ከ2024 ጀምሮ ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅት አጠር ያለ መጠይቅ አለው፣ ለይፋ ማውጫ ከሁለቱ እሱን እመርጣለሁ። ግን ሲዲፒ ጣቢያችሁ ድረስ መጥቶ ቁጥራችሁን አይመረምርም፣ ስለዚህ ጥሩ ውጤት አገኛችሁ ማለት ቁጥሩ ትክክል ነው ማለት አይደለም።

ቁጥሩ የሚሰራው በጂኤችጂ ፕሮቶኮል ነው፣ የልቀት አቆጣጠር አለም አቀፍ መመሪያ ነው፣ በነፃ ይወርዳል። የሰፕላይ ቼይኑ ክፍል (ከአቅራቢ እስከ ገዢ ከድርጅታችሁ ውጭ ያለው ልቀት) ስኮፕ 3 የሚባለው ነው፣ ደረጃው በ2011 የወጣ ሲሆን 15 ምድብ አለው። የተዋችሁት ምድብ ካለ ለምን እንደተዋችሁት መፃፍ ግዴታ ነው። ለላኪ ትልቁ ምድብ 1 ነው፣ ማለትም የምትገዙት ቡና፣ እና የሚታመንና የማይታመን ሪፖርት የሚለየው እዚህ ጋ ነው። አማካሪው ቢሮ ቁጭ ብሎ ከዳታቤዝ የአለም አማካይ አንስቶ በቶን ቢያባዛው ሪፖርቱ ቶሎ ያልቃል። ግን እዛ አማካይ ውስጥ ዩሪያ በብዛት የሚጨምሩ የሌላ አገር ትላልቅ እርሻዎች አሉ፣ የጌዴኦና የጉጂ ገበሬ ደግሞ ለቡናው ኬሚካል ማዳበሪያ እምብዛም አይጠቀምም፣ ስለዚህ የናንተ ያልሆነ ናይትረስ ኦክሳይድ (ከማዳበሪያ የሚወጣ ጋዝ) ትሸከማላችሁ፣ እሱ ደግሞ 1 ኪሎው እንደ 273 ኪሎ ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው የሚቆጠረው። የናንተ የሆነው ደግሞ ይደበቃል፦ የታጠበ ቡና ከሆነ የማጠቢያ ጣቢያው ቆሻሻ ውሃ ጉድጓድ ውስጥ ያለ አየር ሲብላላ ሚቴን ያወጣል፣ የእሸቱ ልጣጭ ተከምሮ ሲበሰብስም እንደዛው።

ለዚህ የምጠቁመው ኩል ፋርም ቱል የሚባለውን የእርሻ ልቀት ማስሊያ ነው። ለገበሬ በነፃ ነው፣ ማዳበሪያውንም ነዳጁንም ቆሻሻ ውሃውንም ያስገባል። ሁሉንም ገበሬ መጠየቅ አይጠበቅባችሁም፣ ከየጣቢያው ናሙና ወስዳችሁ አመራረጣችሁን በግልፅ ፃፉ። ቡናው ከምርት ገበያ ተቀላቅሎ የተገዛ ከሆነ ግን የማን እንደሆነ አይታወቅምና ለዛ ክፍል አማካይ ተጠቀሙና "ይሄ አማካይ ነው" በሉ። ከጠቅላላው ስንት ፐርሰንቱ ከራሳችሁ አቅራቢዎች የተለካ፣ ስንቱ ግምት እንደሆነ የሚያሳይ አንድ መስመር ከማንኛውም ሜዳሊያ በላይ ያሳምናል፣ እኔ ሪፖርት ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው።

ለትራንስፖርትና ለነዳጅ ሶፍትዌር አትግዙ። የእንግሊዝ መንግስት በየአመቱ በነፃ የሚያወጣው የልቀት ማባዣ ሰንጠረዥና ኤክሴል ይበቃሉ። 1 ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው፣ እስከ ጅቡቲ የሚሄደውን መኪና ከነዳጅ ደረሰኝ መያዝ ይቻላል። የአገራችን መብራት አብዛኛው ከውሃ ስለሆነ የመብራቱ ቁጥር ትንሽ ይሆናል፣ ግን ጄኔሬተሩን እንዳትረሱ፣ መብራት በሌለበት ጣቢያ ዋናው ነዳጅ እሱ ነው። ኤፍኦቢ (ወደብ መርከብ ላይ ጭኖ ማስረከብ) የምትሸጡ ከሆነ መርከቡን የሚከፍለው ገዢው ስለሆነ ምድብ 4 (እናንተ የምትከፍሉት ትራንስፖርት) ሳይሆን ምድብ 9 (ከሽያጭ በኋላ ሌላ የሚከፍለው) ውስጥ ነው የሚገባው፣ "የኛ አይደለም" ተብሎ አይጣልም።

ሌላው፣ ለአውሮፓ የደን ህግ ብላችሁ የሰበሰባችሁት የማሳ ጂፒኤስ ካለ እዚህም ይጠቅማል። ግን የደን ህጉ የሚያየው ከታህሳስ 2020 መጨረሻ (በፈረንጅ) በኋላ የተጨፈጨፈ ደን እንዳለ ነው፣ የካርቦን ስሌቱ ደግሞ የመሬት አጠቃቀም ለውጥን 20 አመት ወደኋላ ሄዶ ነው የሚያየው። ስለዚህ ለደን ህጉ ያለፈ ማሳ ካርቦን ላይ ሊቆጠርበት ይችላል፣ የድሮ የሳተላይት ምስል ማየት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ የኛ ቡና በሙሉ ጥላ ዛፍ ስር ነው ያለው። ዛፉ የያዘውን ካርቦን ብንቀንስ ካርቦን ኒውትራል (ልቀታችን ተቀናንሶ ዜሮ) ነን ማለት አንችልም?

መልስ፦ አትቀንሱት። ለ50 አመት የቆመ ዋንዛ ካርቦን ይዟል፣ እውነት ነው፣ ግን ሊቆጠር የሚችለው በዛ አመት የጨመረው ብቻ ነው፣ እሱም ተለክቶ፣ ከልቀቱ ሳይጣፋ ለብቻው በሌላ መስመር። የጥላ ዛፉን በቃላት ግለፁት፣ በጣም የሚያኮራ ነገር ነው፣ ድምሩ ውስጥ ግን አይግባ። ሌላ ቦታ ለተቀነሰ ልቀት ክሬዲት ገዝቶ (ኦፍሴት የሚባለው) ኒውትራል ማለትም እንደዛው፣ ከመስከረም 27 ቀን 2026 (በፈረንጅ) ጀምሮ የአውሮፓ ህብረት በኦፍሴት ብቻ "ይሄ ምርት ከካርቦን ነፃ ነው" ብሎ ለተጠቃሚ መሸጥን ይከለክላል፣ ገዢያችሁ ፓኬቱ ላይ ሊጠቀምበት አይችልም።

በጀት ከተረፋችሁ ለአማካሪ ሳይሆን ለማረጋገጫ አውሉት። በአይኤስኦ 14064-3 (የልቀት ሪፖርት ማረጋገጫ ደረጃ) የሚሰራ ገለልተኛ ድርጅት ፈልጉ፣ ኤስጂኤስና ቢሮ ቬሪታስ በአለም ደረጃ ይሰሩታል። ሪፖርቱን የፃፈላችሁና የሚያረጋግጥላችሁ አንድ ሰው እንዳይሆን። ለመጀመሪያ አመት "ሊሚትድ አሹራንስ" የሚባለው ጥልቀቱ አነስ ያለ ማረጋገጫ ይበቃል፣ ይቀላል፣ ዋጋውም ዝቅ ይላል። ዋጋ ስትጠይቁ ኅዳር አካባቢ እንዲመጡ አድርጋችሁ ተዋዋሉ፣ በክረምት ከመጡ ጣቢያው ዝግ ነው፣ የቆሻሻ ውሃውን ጉድጓድ የሚያዩት ባዶውን ነው።