«አኪራ»ን በፕሮጀክተር ለማሳየት የትኛው ዲስክ ይሻላል?

ጠያቂ፣ ከአራት ኪሎ

ሰላም ለሁላችሁም። የጃፓናዊውን ዳይሬክተር የካትሱሂሮ ኦቶሞን የአኒሜሽን ፊልም «አኪራ»ን አራት ኪሎ አካባቢ በምንሰበሰብበት ክፍል ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለማሳየት እየተዘጋጀን ነው። አሁን በእጃችን ያለው ፍላሽ ላይ የተጫነ ኮፒ ነው። ሞተር ሳይክሎቹ በሌሊት ሲከንፉ ከኋላቸው የሚጎትቱት ቀይ ብርሃን በዚህ ኮፒ ላይ ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች እየተሰባበረ፣ ታሪኩ የሚካሄድባት የኒዮ ቶኪዮ ከተማ ሰማይም ለስላሳ ጥቁር መሆኑ ቀርቶ በእርከን እየተከፋፈለ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1988 ለሲኒማ ሸራ ተብሎ በእጅ የተሳለን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያዩት ወጣቶች በዚህ መልክ ማቅረብ አግባብ ሆኖ አልታየኝም። አሜሪካ ያለች እህቴ በቅርቡ ስለምትመጣ፣ ዲቪዲውን፣ ብሉ ሬዩን ወይስ 4ኬውን ትግዛልን? ፕሮጀክተራችን የሚያሳየው 1920 በ1080 ነጥብ ሲሆን ማጫወቻ ገና አልገዛንም።

መልስ፣ ከሜክሲኮ አደባባይ

ከሥዕሉ ጥራት በፊት የዲስኩ የቀጠና ኮድ፣ ማለትም ዲስኩ በተወሰኑ አገሮች ማጫወቻዎች ላይ ብቻ እንዲከፈት የሚያደርገው ቁልፍ፣ ሊታይ ይገባዋል። ኢትዮጵያ በዲቪዲ አከፋፈል ቀጠና 5፣ በብሉ ሬይ ደግሞ ከአውሮፓና ከመካከለኛው ምሥራቅ ጋር ቀጠና ቢ ውስጥ ናት፤ አሜሪካና ጃፓን ግን ቀጠና ኤ ናቸው። ስለዚህ ለቀጠና ኤ የተቆለፈ ብሉ ሬይ ከዱባይ በመጣ ማጫወቻ ላይ አይከፈትም። 4ኬ ዲስክ ይህ ቁልፍ ስለሌለበት ከየትም ቢገዛ ይሠራል።

ዲቪዲውን ይተዉት። በአውሮፓው የፓል ሥርዓት የተዘጋጀ ከሆነ በሰከንድ 24 የነበረው ምስል ወደ 25 ስለሚፋጠን፣ የ124 ደቂቃው ፊልም በ119 ደቂቃ ገደማ ያልቃል።

መልስ፣ ከስድስት ኪሎ

ቀጠናን በተመለከተ የተባለው ትክክል ነው፤ ነገር ግን «4ኬ ይግዙ» ብሎ መጨረስ ለዚህ ክፍል አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው 4ኬ ከ35 ሚሊ ሜትር ማስተር ፖዚቲቭ (ከዋናው ኔጋቲቭ ከታተመ የፊልም ቅጂ) እንደገና ተቀድቶ የተዘጋጀና ኤችዲአር (በጨለማውና በብሩሁ መካከል ሰፊ ልዩነት የሚያሳይ ሥርዓት) ያለው ነው። ፊልሙ 327 ቀለማት ስለተጠቀመና አብዛኛው ታሪክ በሌሊት ስለሚያልፍ፣ ይህ እትም ለጥቁሩና ለቀዩ የሚሰጠው ስፋት እውነተኛ ጥቅም ነው። ይሁንና ኤችዲአር በሌለው ፕሮጀክተር ላይ ማጫወቻው ብርሃኑን ወደ ተራው መጠን መቀየር አለበት፤ ይህን በአግባቡ የማይሠራ ከሆነ ምስሉ ይጨልማል ወይም ቀለሙ ይገረጣል። ለ1080 ፕሮጀክተር እኔ የምመርጠው ብሉ ሬዩን ነው።

ሌላው የምለምናችሁ ነገር የፊልሙን ቅንጣት፣ ማለትም በምስሉ ላይ የሚርገበገቡትን ጥቃቅን ነጠብጣቦች፣ እንደ ቆሻሻ እንዳትቆጥሩት ነው። ሥዕሎቹ በግልጽ ፕላስቲክ ላይ ተቀብተው በካሜራ የተነሱ በመሆናቸው፣ ቅንጣቱ የፊልሙ አካል ነው። የፕሮጀክተሩ «ኖይዝ ሪዳክሽን» (ነጠብጣብ ማጥፊያው) ሲበራ ከቅንጣቱ ጋር ቀጭኑ የሥዕል መስመርም አብሮ ይጠፋል። እሱንም ሹልነት መጨመሪያውንም አጥፉ፤ ማጫወቻውንም በሰከንድ 24 ፍሬም እንዲያወጣ አስተካክሉት፣ አለበለዚያ ካሜራው በሕንጻዎቹ ላይ በዝግታ ሲያልፍ ምስሉ ይንገጫገጫል።

መልስ፣ ከለገሃር

ሁላችሁም ስለ ምስል ብቻ ተናገራችሁ፤ የዚህ ፊልም ግማሽ ጉልበቱ ግን ድምፁ ነው። የጌይኖህ ያማሺሮጉሚ ቡድን የኢንዶኔዥያዋን የባሊ ደሴት የቀርከሃ መሣሪያዎችና የጃፓንን ጥንታዊ ትያትር የኖህን ዜማ ያዋሃደበት ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ብሉ ሬይ ላይ በ192 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ተቀምጧል፤ የሙዚቃ ሲዲ 44.1 ኪሎ ኸርዝና 16 ቢት ነው። ልዩነቱን ጆሮ ይለየዋል አይለየውም የሚለው ክርክር ይቆየንና፣ በፕሮጀክተሩ ትንሽ ስፒከር ከተሰማ የቀርከሃው ከባድ ምት ፈጽሞ ስለማይወጣ፣ ድምፁን በአምፕሊፋየር ወደ ትላልቅ ስፒከሮች አውጡት። ቋንቋውም ጃፓንኛ ይሁን። ንግግሩ አስቀድሞ ተቀርጾ የከንፈሩ እንቅስቃሴ በእሱ ልክ ስለተሳለ፣ በእንግሊዝኛው ቅጂ የማይገኝ መስማማት አለው። እህትዎ የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ መኖሩን ከሽፋኑ ጀርባ ታረጋግጥ።

ጠያቂ

እጅግ አመሰግናለሁ። ብሉ ሬዩን ከመረጥን የአሜሪካው ዲስክ የቀጠና ችግር ሊያመጣ ነው ማለት ነው። ማጫወቻውንም ከዚያው ብታመጣው ይሻላል?

መልስ፣ ከሜክሲኮ አደባባይ

ይሻላል፤ ዲስኩና ማጫወቻው ከአንድ አገር ሲሆኑ የቀጠናው ጥያቄ ያበቃል። ነገር ግን ከመክፈሏ በፊት ከማጫወቻው ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ታንብብ። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃችኋል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን በእኛ 220 ላይ በቀጥታ ሲሰካ ይቃጠላል፣ ትራንስፎርመርም መግዛት ግድ ይሆናል።