«አጥቢያህ የት ነው?» ማለት ምን ማለት ነው?

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ባለፈው ሳምንት ከእናቴ ጋር በስልክ ስናወራ «ለመሆኑ አጥቢያህ የት ነው?» አለችኝ። የምኖርበትን ሰፈር ነገርኳት። «እሱን አይደለም ልጄ። አንድ ነገር ብትሆን ማን ያውቅሃል ማለቴ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ከ«አጥቢያ ኮከብ» ጋር አንድ ነው? ከደብርና ከሰበካስ በምን ይለያል?

መልስ፦

ወንድሜ፣ እናትህ ቃሉን ልክ ቦታው ላይ ነው ያዋሉት።

መጀመሪያ ስለ ኮከቡ። አጥቢያ ኮከብ ሊነጋ ሲል የሚታየው ኮከብ ነው። «ለእሑድ አጥቢያ» ስንል እሑድ ሊነጋ ሲል ማለታችን ነው። «ነጋ ጠባ» የምንለውም ከዚሁ ነው። ግዕዙ «ጸብሐ» ይለዋል። ጡት መጥባት ደግሞ በግዕዝ «ጠበወ» ነው። አማርኛ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም «ጠባ» ሆኑ። ስለዚህ «ቤተ ክርስቲያን እናት ናት፣ ታጠባለች፣ አጥቢያ የተባለችው ለዚህ ነው» የሚል ሰው ይገጥምሃል። ደስ የሚል ትርጓሜ ነው። ግን ድምፅ ስለገጠመ ብቻ ዘሩ አንድ ነው አይባልም።

በኑሮ ቋንቋ አጥቢያ ማለት ሰፈሩ ከነቤተ ክርስቲያኑ ነው። መንግሥትም ተውሶታል። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየአካባቢው ጥቃቅን ክርክር የሚያየው ዳኛ «አጥቢያ ዳኛ» ይባል ነበር።

ደብር በግዕዝ ተራራ ነው። ደብረ ታቦር፣ ደብረ ዘይት ስንል የምናነሣው ተራራውን ነው። በአማርኛ ግን የቤተ ክርስቲያን ማዕረግ ሆነ። ገዳምም እንዲሁ ነው፤ በግዕዝ ምድረ በዳ፣ በእኛ የመነኮሳት መኖሪያ። ሰበካ ከ«ሰበከ» ይወጣል። ዛሬ ቃሉን አዘውትረን የምንሰማው «ሰበካ ጉባኤ» ሲባል ነው። ካህናቱም ምእመናኑም አብረው አጥቢያቸውን የሚያስተዳድሩበት ጉባኤ ነው። ደንቡ ቃለ ዐዋዲ ይባላል፤ የወጣው በ1965 ዓ.ም. ነው። ዐዋዲ ማለት ዐዋጅ ነጋሪ ነው።

አዲስ አበባን ካየህ አጥቢያው ሰፈሩን እንደሰየመ ትረዳለህ። ቂርቆስና ልደታ ዛሬ የክፍለ ከተማ ስም ናቸው። ታክሲ ውስጥ «ኡራኤል ወራጅ አለ!» የሚለው ሰው ሊሳለም ላይሆን ይችላል፤ ሱቁ እዚያ ይሆናል፣ ሙስሊምም ይሆናል። ስሙ የሁሉም ሆኗል።

አሁን ወደ እናትህ ነገር ልመለስ። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ሰንበቴው፣ ማለትም ምእመናኑ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረው የሚቀምሱበት ማኅበር፣ የሚቀመጠው ቅጽሩ ጥግ ባለች የቆርቆሮ ቤት ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አያቴን ተከትዬ እገባለሁ። ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ደጅ ለተቀመጡት ነዳያን ይወጣላቸዋል። እኔ ዓይኔ ዳቦው ላይ ነው። አሮጊቶቹ ግን ዓይናቸው ሰው ላይ ነው። ማን መጣ፣ ማን ቀረ። «እገሊት ዛሬ የለችም?» ትላለች አንዷ። «ባለፈውም አላየኋትም» ትላለች ሌላዋ። ከዚያ ቁራሽ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ እጄ ላይ ይቀመጣል። «ድርሻዋ ነው፣ ሰጥተህ ና። ደግሞ ዝም ብለህ እንዳትመለስ፣ ደኅንነቷን ጠይቅ።» አንድ ቀን የሄድኩባቸው እናት ከአልጋ መነሣት አቅቷቸው አገኘኋቸው። ሮጬ ተመለስኩ። አያቴ ጽዋዋን አስቀምጣ ነጠላዋን እያጣፋች ወጣች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ለእኔ የአጥቢያ ፍቺ ያ ነው። የቀረህ እንደሆነ መቅረትህ የሚታወቅበት ቦታ።

ሌላ መልስ፦

ትንሽ ልጨምር። እናትህ «አንድ ነገር ብትሆን» ሲሉ ፍትሐትንም፣ ለሞተ ሰው የሚደረገውን ጸሎት፣ አስበው ይሆናል። ፍትሐት ከ«ፈትሐ» ነው፤ ፈታ ማለት ነው። ፍትሕ፣ ፍቺ፣ መፍትሔ ሁሉም የዚህ ቃል ልጆች ናቸው። የሞተውን ሰው ከማሰሪያው መፍታት እንደማለት ነው። ፈቺው ደግሞ የሚያውቅህ ቢሆን ይመረጣል። የነፍስ አባት የሚያዘው ለዚህም ጭምር ነው። ቤት ሲባረክ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድ ልጅ በ40 ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

አንድ የምወደው አነጋገር አለ፤ «ቤተ ክርስቲያን ስሜ ልምጣ።» እንግዳ ሰው ሲሰማው ይገርመዋል። እኛ ግን ደጁን፣ ግድግዳውን እንስማለን። «ተሳለመ»ም ከ«ሰላም» ነው። ሰው ቤት እንደምንገባ ሰላም ብለን ነው የምንገባው።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እዚህ አጥቢያ በእግር አይደረስበትም። እኛ 40 ደቂቃ እንነዳለን። ልጆቼ ሰፈራችን ነው ብለው አያስቡትም። ስለዚያች የቆርቆሮ ቤት ሳነብ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ክረምት የሥራ ፈረቃዬ ተቀይሮ ሦስት እሑድ ቀርቼ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። ከቅዳሴ በኋላ ምድር ቤት ውስጥ ሻይ የሚቀዱልን ሰውዬ ናቸው። «ጠፋህ እኮ! ምነው፣ ደኅና አይደለህም እንዴ?» አሉኝ። በጊዜው «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብዬ ዘጋሁት።

ትናንት ማታ ይህንን ለእናቴ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «የኒያን ሰውዬ ክርስትና ስማቸውን ጠይቅልኝ» አለችኝ።