ጥቆማ፦ መንጃ ካወጡ በኋላ የሞተር አነዳድ የሚያሠለጥን የት አለ? (አዲስ አበባ)

ዝናብ ፈሪ፦ ሰላም ቤተሰብ። ቦክሰር ነው የምነዳው፣ ሥራዬ ዕቃ ማድረስ፣ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ሞተር ከተማ ውስጥ ለመንዳት የሚጠየቀው ፈቃድም ጂፒኤስም አለኝ፣ እሱን አትጠይቁኝ። ባለፈው ማክሰኞ ከመገናኛ ወደ ገርጂ ስሄድ ካፊያ ነበር፤ ከፊቴ የነበረው ሚኒባስ ሰው ሊያወርድ ድንገት ቀጥ አለ። የእግር ፍሬን ረገጥኩ፣ የኋላው ጎማ ተቆልፎ ሞተሩ በጎኑ ተንሸራተተ። አልወደቅኩም። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን የፊቱን ፍሬን እጄ ጭራሽ አልነካውም! በስድስት ዓመት ውስጥ ስንቴ ነክቼው እንደማውቅም እንጃ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። ሰው የራሱን አነዳድ በምን ይመዝናል? መንጃ ላለው ሰው ከፍ ያለ ሥልጠና የሚሰጥ የሞከራችሁት ካለስ? ተቋም ይሻላል ወይስ በግል የሚያስተምር ሰው?

ማርሽ አምስት፦ ስድስት ዓመት ነድተህ ሥልጠና? በሰላም ወጥተህ ከገባህ ጎበዝ ነህ። ሥራህን ሥራ።

ካንዴላ፦ ወንድሜ ያንተ ችግር ጎማ ነው። ሰባተኛ ሰፈር፣ ከመለዋወጫ ሱቆቹ ጀርባ ያለው ጋራዥ ሂድ። ልጁ እጁ ወርቅ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ሞተሬን ነክቶት አያውቅም።

ስፖኪዮ፦ ተቋም ካልክማ የኔን ጉድ ስማ። ስሙን አልጠራም። «ማሻሻያ» ብለው 4,500 ብር ተቀበሉኝ። የመጀመሪያ ቀን አሰልጣኙ ኮን ደርድሮ «ስምንት ቁጥር ሥራ» አለኝና ቡና ሊጠጣ ሄደ። ሁለተኛውም ቀን ስምንት ቁጥር። ሦስተኛው ቀን «ድንገተኛ ፍሬን አስተምረኝ» ስለው «ሞተሩ ይጎዳል» አለኝ። አራተኛው ቀን ስታጠፍ የፍሪሲዮኑ ገመድ ተበጠሰና ወደቅኩ፣ ፍሬቻው ተሰበረ። ክፈል አሉኝ! ገመዱ እኮ ቀድሞም ተቋጥሮ ነበር፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ማርሽ አምስት፦ ስሙን ተናገር እንጂ፣ ሌላው እንዳይሸወድ።

ጎማ ነፊ፦ ውሉ ላይ ብልሽት በማን ነው ይላል?

ስፖኪዮ፦ የምን ውል? ደረሰኝ እንኳ አልሰጡኝም።

ጎማ ነፊ፦ ያለ ደረሰኝ ከፍለህማ አሁን ምን ልትል ነው? ሰው ራሱ እኮ ነው የሚያበላሻቸው።

ስፖኪዮ፦ አሁን ጥፋቱ የኔ ሆነ?

የጉለሌዋ፦ እኔ ችሎታዬን የለካሁት ወጌሻ ቤት ነው። እዚያም ደረሰኝ የለም።

ሸራ ለባሽ፦ ይቅርታ ከርዕሱ ልውጣ። ፈቃዱን በምን በኩል አገኘኸው? የኔ ሞተር አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ከታገደበት ከሰኔ 30/2011 ወዲህ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ዶሮ እንቁላል ጥላበት አገኘሁ።

ዝናብ ፈሪ፦ አትጠይቁኝ ብዬ ነበር እኮ 😂

ሄልሜት ፈላጊ፦ እዚሁ ላይ ልጠይቅ፣ ደህና ሄልሜት ማን ያውቃል? ባለ መስታወቱ ይሻላል ወይስ ክፍቱ?

የጉለሌዋ፦ አገጭህን ከወደድከው ሙሉውን ግዛ። ኢሲኢ 22.06 የሚል ምልክት ካለው ጥሩ ነው፤ አንዳንዱ ከአገጭ ማሰሪያው ላይ የተሰፋ ጨርቅ ላይ ይገኛል። አንዴ ክፉኛ የተመታ ከሆነ በነጻ ቢሰጡህም አትውሰድ፣ ውስጡ ያለው ስፖንጅ መሳይ ነገር አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እዚህ አሜሪካ ሞተርሳይክል ሴፍቲ ፋውንዴሽን የሚባል ከ1973 (በፈረንጅ) ጀምሮ ያለ ድርጅት አለ። የጀማሪ ኮርስ አለው፤ ለነባር ነጂ ደግሞ በራስህ ሞተር የአንድ ቀን ሥልጠና። እኔ ስገባ አሥራ አንድ ዓመት ነድቼ ነበር፣ እንደ ቀልድ ነው የሄድኩት። አሰልጣኟ አንድ ዙር ብቻ አይታኝ «ስትታጠፍ ዓይንህ ጎማህ ላይ ነው» አለችኝ። አፈርኩ። ቀና ብዬ መውጫውን ሳይ ሞተሩ በራሱ ታጠፈልኝ ብል ይቀለኛል። ይህን ጉድለት ለአሥራ አንድ ዓመት ይዤው ስዞር አንድም ቀን አላየሁትም።

ማርሽ አምስት፦ ጥሩ ነው፣ ቲኬቱን ላክለትና ይምጣ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ወንድሜ የሠለጠንነው ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ ነው። ከኮንና ከሚያይህ ሰው በቀር ምንም አልነበረም።

የደጀን ሰው፦ ልጆች፣ በግብርና ሥራ ሃያ ዓመት ያማሃ ነድቻለሁ፣ ጭቃውንም የዓባይ በረሃን ቁልቁለትም። ጠያቂው ለተንሸራተተበት ነገር እስካሁን ማንም አልመለሰለትም። ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል። የፊቱ ጎማ መሬቱን ይጫናል፣ የኋላው ይቀላል፤ የቀለለ ጎማ ደግሞ ቶሎ ይቆለፋል። ስለዚህ ዋናው ፍሬን የእጁ ነው። በአንዴ ጭብጥ አድርገህ አትያዘው፣ ሎሚ እንደምትጨምቅ እያጠበቅክ ሂድ።

መለኪያ ካልክ ድንጋይ አስቀምጥ። ደረቅ አስፋልት፣ ሰውና መኪና የሌለበት፣ እሁድ በማለዳ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር መጥተህ ድንጋዩ ጋ ስትደርስ በሁለቱም ፍሬን ቁም፤ 5 ሜትር አካባቢ ከቆምክ መልካም። እሱ ሲለምድ 40፣ ከዚያ 50። በ60 ደህና ነጂ 20 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። ግን በ60 በሰከንድ ወደ 17 ሜትር እንደምትሄድ አትርሳ፤ አይተህ ፍሬን እስክትይዝ አንድ ሰከንድ ከፈጀህ ሚኒባሱ ከ37 ሜትር ወዲያ መሆን አለበት ማለት ነው። አንተ ስንት ሜትር ላይ ነበርክ? በእግር ብቻ ለሚቆም ሰውማ ርቀቱ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፈው።

ሁለተኛ፣ በእግረኛ ፍጥነት እግርህን ሳታወርድ ጠባብ ቦታ ላይ ዙር። ስፖኪዮ የናቀው ስምንት ቁጥር ለዚህ ይጠቅማል፣ ብቻውን ሆኖ ነው እንጂ። ሦስተኛ፣ ጓደኛህ ከኋላ ሆኖ በስልክ ይቅረጽህ። ያኔ ትስቃለህ።

እርጥብ ላይ አትጀምር። በተለይ ከረጅም ፀሐይ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ የመኪና ዘይቱን ከአስፋልቱ ያወጣዋል፤ የሜዳ አህያ መስመሩም የኮብልስቶኑም ነገር ያው ነው።

ስፖኪዮ፦ ጋሼ አልናቅኩትም፣ ለአራት ቀን ነው ያልኩት።

ካንዴላ፦ ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ግን ቅድሚያ ጎማ። ሰባተኛ።

ጎማ ነፊ፦ እኔ እዚያው ጋራዥ የፍሬን ሸራ አስቀይሬ በሳምንቱ መጮህ ጀመረ።

ካንዴላ፦ ረዳቱ ነው የሠራልህ። ልጁን ብታገኘው አይጮህም ነበር።

ጎማ ነፊ፦ ልጁ ነው የሠራልኝ።

ካንዴላ፦ እንግዲያው ሸራውን ከሌላ ቦታ ገዝተህ ይዘህ ሄደህ ነው።

ማርሽ አምስት፦ 😂😂 ይህ ሰው በጋራዡ ይምላል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጠያቂ፣ በግል የሚያስተምርህ ካገኘህ ገንዘብ ከመስጠትህ በፊት አንድ ነገር ጠይቀው፦ «የመጀመሪያውን ሰዓት ምን እናደርጋለን?» ሳያይህ መልስ ከሰጠህ ሌላ ፈልግ። ጥሩ አሰልጣኝ መጀመሪያ ንዳ ብሎ ነው የሚያይህ።

ሸራ ለባሽ፦ ፈቃዱን የሚያውቅ ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ዝናብ ፈሪ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እሁድ ጠዋት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሞከርኩት። በ30 የመጀመሪያው 11 ሜትር ሆነብኝ፣ ሜትር ይዘን ነው የለካነው። ከአሥር ሙከራ በኋላ 7። ቪዲዮውን ሳየው ደግሞ ስነዳ ሁለት ጣቴ የፊቱ ፍሬን ላይ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ ብዬ ያሰብኩት ውሸት ነው፣ አንድም ጊዜ የሉም። ስለ ሥልጠናው ሁለት ሰዎች በውስጥ ጽፈውልኛል፣ አያለሁ። ካንዴላ፣ ያ ጋራዥ ግን እሁድ ይሠራል?

ካንዴላ፦ ካንዴላ ላከኝ በለው፣ ይከፍትልሃል።