ከአባቴ ማሳ ድንበር የንፋስ መለኪያ ተተከለ፤ ስብሰባ ሲጠሩን ምን እንጠይቅ?

የደጋዋ አስተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤተሰቦቼ ሰሜን ሸዋ ናቸው፤ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ ገደል አፋፍ ላይ። ገብስና ባቄላ ይዘራሉ፣ በግ ያረባሉ፣ ትንሽ ባሕር ዛፍም አላቸው። ባለፈው በጋ ከአባቴ ማሳ ድንበር ላይ በሽቦ የተወጠረ ቀጭን ረጅም ምሰሶ ቆመ፤ የንፋስ መለኪያ ነው፣ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ሊተከል ታስቦ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ቀበሌው ወሬ በወሬ ሆኗል። አንዱ "መብራት በነፃ ሊገባልን ነው" ሲል፣ ሌላው "ሁላችንንም ሊያስነሱን ነው" ይላል። አባቴን የጨነቀው ግን ሌላ ነው፤ ያ የሚሽከረከር ነገር ደመናውን እየበተነ ዝናብ ያስቀራል ብለውታል። ማመንጫ አጠገብ የኖራችሁ ካላችሁ፣ ለሰፈርተኛው በእውነት የሚተርፈው ምንድን ነው? ደብዳቤ መጻፉና ቢሮ መመላለሱ የእኔ ፋንታ ስለሆነ አስቀድሜ ልወቅ።

የቀያሽ ረዳት፣ አዳማ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ የአባትሽን ጭንቀት ላቅልል። አዳማ አጠገብ የመጀመሪያዎቹ 34 ተርባይኖች (በንፋስ እየተሽከረከሩ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት) ከቆሙ ከ2004 ጀምሮ፣ በ2007 ደግሞ 102 ተጨምረውባቸው፣ ከሥራቸው ያለው መሬት እስከ ዛሬ ይታረሳል። በ2007 ክረምት ዝናብ ሲጠፋ ተርባይን የሚባል ያላዩት ወሎና አፋርም ጠፍቶባቸዋል። ማማው ከፍ ቢል ሰባ ሜትር ገደማ ነው፤ ደመና የሚበትን ነገር የለውም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሰው ሁሉ አንጋጦ ተርባይኑን ያያል፤ እኔ ሜትር ስጎትት የኖርኩት መሬት ላይ ስለሆነ የማየው መንገዱን ነው። አንዱ ተርባይን አርማታው ከተቀበረና አፈር ከለበሰ በኋላ የሚይዘው ቦታ ያን ያህል አይደለም። መሬት የሚበላው መንገዱ ነው። የአዳማዎቹ ክንፍ ወደ አርባ ሜትር ይጠጋል፤ እሱን የጫነ ሎቤድ (ረጅም ተሳቢ መኪና) እንደ አይሱዙ አይታጠፍም። ስለዚህ መታጠፊያው ሁሉ እየሰፋ፣ ዳገቱ እየተቆረጠ ይሄዳል። አዲሶቹ ደግሞ ይብሳሉ፦ አዳማ አንድ በ34 ተርባይን 51 ሜጋ ዋት ነው፤ የአሰላው በ29 ብቻ 100 ሜጋ ዋት እንዲያወጣ ነው የታቀደው። ቁጥሩ ሲያንስ ክንፉ ይረዝማል፤ መታጠፊያውም አብሮ ይሰፋል።

እና ስብሰባው ላይ "ስንት ተርባይን?" ብላችሁ አትለፉ። "መንገዱ በማን ማሳ ያልፋል? ስፋቱ ስንት ነው? ክሬኑ የሚቆምበት ቦታ ለዘለቄታው ነው ወይስ ተመላሽ?" በሉ። ተመላሽ ከሆነ ላዩ ለም አፈር ለብቻው ይከመርና ሥራው ሲያልቅ ተመልሶ ይልበስ። ይህን በቃለ ጉባኤ ካላስያዛችሁ ጠጠር ነው የሚመለስላችሁ። የመንገዱ ቦይ ወዴት እንደሚፈስም ጠይቁ። እናንተ አፋፍ ላይ ናችሁ፤ ክረምት የመንገዱ ጎርፍ ወደ ማሳ ከተለቀቀ በሦስት ዓመት ቦረቦር ይሆናል።

ሥራን በተመለከተ፣ ግንባታው ላይ የቀን ሠራተኛ ይፈለጋል፤ ምግብ ቤቱም፣ ቤት አከራዩም ያገኛል። ከዚያ በኋላ ጥበቃና ጥቂት ቴክኒሻን ነው የሚቀረው። ወንድም ካለሽ ከአሁኑ ቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሪክ ይማር፤ በቋሚነት የሚቀጠረው እሱ ነው።

መስመር ሠራተኛው፦
የነፃ መብራቱን ወሬ እኔ ልዝጋው። ከተርባይኑ የሚወጣው ኃይል ወደ ማከፋፈያ ጣቢያ ሄዶ፣ ከፍ ተደርጎ ብሔራዊ መረቡ ውስጥ ይገባል። ቀበሌሽ መብራት የሚያገኘው 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት መስመር ተዘርግቶ ትራንስፎርመር ሲቆምለት ነው፤ ይህ ሌላ በጀት ነው፣ ሌላ መሥሪያ ቤትም ነው። የሚያመነጨው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለቤት የሚያድለው ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ በ2006 ተለያይተዋል። አንዱ ጋ ሄዳችሁ የሌላውን ብትጠይቁ መመላለስ ነው ትርፉ። ሁለቱም ባሉበት ስብሰባ፣ በወረዳው በኩል፣ በደብዳቤ ጠይቁ። ለአገር ጥቅሙ ትልቅ መሆኑን ግን አልክድም፤ በበጋ ግድቡ ሲጎድል ነው ንፋሱ የሚበረታው።

ከሚኒሶታ፦
እዚህ በቆሎ አምራቹ በማሳው ለቆመው ተርባይን በየዓመቱ ኪራይ ይከፈለዋል። ዴንማርክም እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ ቢያንስ 20 በመቶውን ድርሻ ለአካባቢው ነዋሪ ለሽያጭ ማቅረብ በሕግ ግዴታ ነበር። የእኛ ሰው ለምን አንድ ጊዜ ካሳ ተቀብሎ ይሸኛል? ኪራይ ጠይቁ!

የቀያሽ ረዳት፣ አዳማ፦
የሚኒሶታው ወንድሜ፣ ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ግን እዚያ መሬቱ የገበሬው ነው። እዚህ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አባቷ ያላቸው የመጠቀም መብት ነው። ኪራይ ብለው ስብሰባ ቢገቡ አጀንዳው እሱ ላይ ተንጠልጥሎ የመንገዱ ነገር ሳይነሳ ይመሻል። እኔ ብሆን ልቤን በሚለካው ነገር ላይ አደርጋለሁ።

የወረዳ ጠበቃ፦
ስለ ካሳው በአጭሩ። በድሮው አዋጅ 455/1997 በቋሚነት ለተነሳ አርሶ አደር ይሰላ የነበረው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነው። አዋጅ 1161/2011 ይህን ወደ አሥራ አምስት እጥፍ አሳደገው፤ መነሻውም ካለፉት ሦስት ዓመታት ትልቁ ዓመታዊ ገቢ ሆነ። በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት የሚከፈለው ለብቻ ነው። በ2016 በወጣው ማሻሻያ የካሳ ክፍያው ኃላፊነት ወደ ክልልና ከተማ አስተዳደሮች ዞሯል፤ ስለዚህ ስብሰባው ላይ "ከፋዩ ማነው? በጀቱስ ተይዟል?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። አባትሽ አረንጓዴውን የመሬት ይዞታ ደብተር ብቻ ነው ያላቸው ወይስ ካርታ ያለውን የሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫም ወስደዋል? ካልወሰዱ ከአሁኑ ይውሰዱ፤ በደብተሩ ላይ የእናትሽ ስም መኖሩንም እዪ። ገንዘቡ ሲመጣ በጋራ ሒሳብ ይግባ። የካሳ ብር ተቀብሎ ባጃጅ የገዛ ደንበኛ ነበረኝ፤ ዛሬ ባጃጁም መሬቱም የለውም።

የደጋዋ አስተማሪ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ካርታውን አልወሰደም፤ ሰኞ መሬት አስተዳደር እሄዳለሁ። የደመናውን ነገር በስልክ ነገርኩት፤ "ወሎም ጠፍቶበት ነበር" ስለው ሳቀ። አሁን ደግሞ የያዘው ሌላ ነው፦ ባሕር ዛፉ ለሽያጭ ደርሷል፤ ከመምጣታቸው በፊት ቆርጦ ይሽጠው ወይስ እስኪቆጠር ይጠብቅ?

የቀያሽ ረዳት፣ አዳማ፦
መለኪያ ምሰሶ ማለት ገና ጥናት ነው፤ ተለክቶም የሚቀር ቦታ አለ። ዋጋ ካገኘ ይሽጥ፣ ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጥለታል። ካሳ አገኛለሁ ብሎ አዲስ ችግኝ መጠቅጠቅ ግን ይቅርበት፤ የመሬት ማስለቀቂያ ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ የተተከለ አይቆጠርለትም።