ለዓመታት የቆመች ቮልስ፦ ፔዳሉ ይሰምጣል፣ የፊት ቀኝ ጎማ ደግሞ ይዞ አይለቅም

ባለ_ቮልስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በፈረንጆቹ የ1968 ቮልስ 1300 ናት፣ አራቱም እግር ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞር፣ የፍሬን ሸራ ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው ከበሮ) ነው። ለብዙ ዓመት ቆማ አሁን ሞተሯ ተነሥቷል። የፍሬን ዘይቱ ጠቁሮ ስለነበር ከላይ ቀድቼ አዲስ ሞላሁበት። ፔዳሉ መጀመሪያ ሲረገጥ እስከ ታች ይወርዳል፣ ሲደጋገም ይጠነክራል። ጥቂት ከተነዳች በኋላ የፊት ቀኝ ጎማ ይይዛል፣ ታምቡሩም እጅ አያስነካም። ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው) ልግዛ?

የእግር_ፍሬን፦
ገና ምንም አትግዛ፤ ያለብህ ሁለት የተለያየ ችግር ነው። መጀመሪያ የሚይዘውን ጎማ እንለይ። በክሪክ አንሣትና ጎማው እስኪይዝ ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጥ። ከዚያ የብረት ቱቦው ከላስቲክ ቱቦው ጋር የሚገናኝበትን በ11 ቁልፍ ትንሽ አላላው። ጎማው ከለቀቀ ግፊቱን የያዘው ማስተር ሲሊንደሩ ነው። ካልለቀቀ መልሰህ አጥብቅና ከታምቡሩ ጀርባ ያለውን የአየር ማውጫ ብሎን በ7 ቁልፍ ክፈት። እዚህ ላይ ከለቀቀ ጥፋቱ የላስቲክ ቱቦው ነው። ይህም ካልሠራ የዊል ሲሊንደሩ (በየጎማው ሆኖ ሸራውን የሚገፋው) ፒስተን በዝገት ተጣብቋል፣ ታምቡሩ መውረድ አለበት።

ባለ_ቮልስ፦
የብረት ቱቦውን ሳላላ ምንም አልሆነም። የአየር ማውጫውን ስከፍት ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣና ጎማው ወዲያው ዞረ።

የእግር_ፍሬን፦
እንግዲያው ቱቦው ነው። ውጭው ደህና ቢመስልም ውስጡ አብጦ ጠቧል። የእግርህ ኃይል ዘይቱን ገፍቶ ያሳልፈዋል፣ ሸራውን የሚመልሰው ሞላ ግን መልሶ ለመግፋት አቅም የለውም። አራቱንም የላስቲክ ቱቦ ቀይር፤ የፊቱና የኋላው ርዝመት ስለሚለያይ አሮጌውን ይዘህ ግዛ። እግረ መንገድህን የአራቱንም ዊል ሲሊንደር የላስቲክ ሽፋን ገልጠህ እይ፤ ውስጡ እርጥብ ከሆነ አልቋል። የሲሊንደሩን ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ የፒስተኑን ላስቲክ ብቻ መቀየር የሚያዋጣው ለቀላል እድፍ ነው። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ አዲሱን ላስቲክ ይበላዋል።

የፊት ግራ ታምቡር ዳዶ ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፣ የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው። የኋላው ዳዶ በ36 ቁልፍ የሚፈታ ነው፤ ሲታሰር ወደ 300 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል።

ቁልቁለት፦
ስለ ፔዳሉ ልጨምር። በሁለተኛው ርግጫ የሚጠነክር ከሆነ ወይ አየር ገብቷል ወይ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል። ስለዚህ አየር ከማውጣትህ በፊት ሸራውን አስተካክል፦ በየጎማው ጥርስ ያላቸው ሁለት ማስተካከያዎች አሉ፤ ጎማው እስኪይዝ አጥብቅና 3 ወይም 4 ጥርስ መልስ። ከዚያ አየሩን ለማውጣት ከኋላ ቀኝ ጀምር፣ ቀጥሎ ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ መጨረሻ ፊት ግራ።

ዋናው ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው፦ ፔዳሉ ስር እንጨት አስገባ፣ እስከ ታች እንዳይወርድ። መኪናዋ ስትቆም ዘይቱ እርጥበት ስቦ ፒስተኑ ያልደረሰበትን የማስተር ሲሊንደሩን ክፍል ያዝገዋል። እስከ ታች ስትረግጥ የፒስተኑ ላስቲክ ዝገቱ ላይ ሄዶ ይቀደዳል፣ ደህና የነበረው ማስተር ሲሊንደርም በዚያው ይበላሻል። አየሩ ከወጣ በኋላ ፔዳሉን ረግጠህ ያዝ። ውጭ ምንም ሳይፈስ ቀስ እያለ ከወረደ ያኔ ማስተር ሲሊንደር ግዛ። ከፔዳሉ ስር ያለውን ምንጣፍም ገልጠህ እርጥበት ካለ እይ። አዲስ ከገባ በገፊው ዘንግና በፒስተኑ መካከል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ተው፤ ከሌለ ዘይቱ መመለሻ አጥቶ ሁሉም ጎማ ቀስ በቀስ ይይዛል።

ዘይት ከላይ መቅዳት አይበቃም፤ ቱቦው ውስጥ ያለው አሮጌው ነው። አንድ ሊትር ዶት 4 (የፍሬን ዘይት ዓይነት) ይዘህ ከአራቱም ንጹሕ እስኪወጣ አጥበው። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፣ ውሃ የጠጣው ግን 155 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። በአሮጌ ዘይት ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ መውረድ ማለት መሃል ቁልቁለት ላይ ባዶ ፔዳል ማግኘት ነው። የሞተር ዘይትም ሆነ ቤንዚን አታስነካው፣ ላስቲኩን በሙሉ ያሳብጠዋል። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፤ መሙያው ከፊት ኮፈኑ ስር ስለሆነ ጨርቅ አንጥፍ፣ ከፈሰሰም ቶሎ በውሃ እጠበው።