ጥቆማ፦ እማዬ ኬሞ ልትጀምር ነው፤ ማረፊያና ዊግ የት ላግኝ?

የመንዝ ልጅ፦ ሰላም ቤቶች። እማዬ የጡት ካንሰር እንዳለባት ካወቅን ሦስት ሳምንት ሆነን። በ15 ቀን ውስጥ ጥቁር አንበሳ ኬሞ ትጀምራለች ተብለናል። እኔ ያለሁት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። በየ21 ቀኑ ከዚያ እየተጋፋች መመላለስ አትችልም። ለሆስፒታሉ ቀረብ ያለ ንጹሕ ማረፊያ የምታውቁ? ደህና ዊግስ? ቀድሜ መግዛት ያለብኝ ካለም ንገሩኝ።

የጨርቆስ ልጅ፦ እግዜር ይማርልሽ። ማረፊያውን አላውቅም። ግን ናሙናዋን የት ነው ያሠራችሁት? የአባዬን አንድ የግል ላብራቶሪ ሰጥተን «በ10 ቀን ይደርሳል» አሉን። በ10ኛው ቀን ስሄድ ማሽን ተበላሽቷል። በ20ኛው ሐኪሙ የሉም። ወር ሊሞላ ሲል ፖስታ ሰጡኝ። ከፍቼ ሳነበው የማህፀን ውጤት ነው። የታመመው እኮ አባቴ ነው!

ዝም አልልም፦ የቱ ላብራቶሪ ነው?

የጨርቆስ ልጅ፦ እዚህ አልናገርም። በውስጥ መስመር ና።

ቡና ጠጡ፦ እኔም ልምጣ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ እዚህ አሜሪካ ሐኪሙ ዊግ ብሎ ሳይሆን «የራስ ቅል ፕሮስቴሲስ» ብሎ ካዘዘ አንዳንድ ኢንሹራንስ ይከፍላል። ጠይቂ እህቴ።

ዝም አልልም፦ ጎሽ! ነገ በጠዋት ተነስታ የቱሉ ዲምቱን ኢንሹራንስ ትጠይቃለች።

ፋሲካ፦ ዊግ ከሆነ መርካቶ ደንበኛዬ ጋ ሂጂ፣ ሌላ ቦታ እንዳትሞክሪ። የሠርጌን ከእሷ ነው የገዛሁት። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ገዝቷት ያውቅ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሴትዮዋ ግን ሰው ናት፣ ሻይ ሁሉ ትጋብዛለች።

ቡና ጠጡ፦ የሠርግሽ ዊግ አሁን የት ነው?

ፋሲካ፦ ረግፏል። ግን አምስት ዓመቱ እኮ ነው!

ተፈጥሮ ፈውስ፦ ኬሞ ለምኑ? ኦሪጅናል የግራቪዮላ ቅጠል አለን። ያላችሁበት እናደርሳለን።

ዝም አልልም፦ ውጤቱንም ያለንበት ታደርሳላችሁ?

ሲስተር ነኝ፦ የመንዝ ልጅ፣ አይዞሽ። ኬሞ ክፍል ሠርቻለሁ። ዊጉን ለጊዜው ተይውና ቴርሞሜትር ግዢ። ኬሞ ከወሰደች በኋላ፣ በተለይ በሁለተኛው ሳምንት፣ ነጭ የደም ሴሏ ይወርዳል። 38 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይዘሻት ሂጂ። ፓራሲታሞል ሰጥቶ «ይንጋና እናያለን» የለም። ከመጀመሯ በፊት ጥርሷን አሳዩ። ቀዩን መድኃኒት (ዶክሶሩቢሲን) ካዘዙላት ቀድመው የልብ አልትራሳውንድ ያሠሯታል። በወሰደች ማግስት ሽንቷ ቢቀላ አትደንግጡ፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። አፏ ከቆሰለ በርበሬና ቆሎ አይሆናትም፤ አጥሚትና አልጫ ይሻላታል። ጥሬ ሥጋ በፍጹም። ያንን ቅጠል ደግሞ ሐኪሟን ሳትጠይቂ እንዳትሰጫት። የፓቶሎጂ ወረቀቷን (የናሙናዋን ውጤት) ኮፒ አድርጊ፣ ብሎኩም፣ ማለት በሰም ውስጥ የተቀመጠው ናሙናዋ፣ የት እንዳለ እወቂ። ለሕክምናዋ መድኃኒት ለመምረጥ የሚረዳው የሆርሞንና የኸር-2 (HER2) ምርመራ የሚሠራው ከዚያው ብሎክ ነው። ለማረፊያ ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲን ጠይቂ። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ አላቸው። ቦታ መኖሩን ቀድመሽ ደውዪ።

የጨርቆስ ልጅ፦ ብሎክ! እኛም የጠፋብን እሱ ነው።

እማማ ጽጌ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማራት። ጸበሉንም እንዳትተዪ።

ሲስተር ነኝ፦ እማማ፣ ትሂድ። ቀጠሮዋ ብቻ እንዳያልፍባት።

እማማ ጽጌ፦ እሱማ አይለፋት። ግን እናትሽ የመንዝ ሰው አይደሉም እንዴ? ሻሽ አያስሩም?

የመንዝ ልጅ፦ ታስራለች እማማ። እኔ ካወቅኳት ጀምሮ ጸጉሯን ገልጣ ከቤት ወጥታ አታውቅም። አሁን ስጠይቃት «ዊግ ምንድን ነው?» አለችኝ። የፈራሁት እኔ ነኝ መሰለኝ። ሲስተር፣ እግዜር ይስጥሽ። ቴርሞሜትሩ የአፍ ነው የብብት?

ፋሲካ፦ ደንበኛዬ ሻሽም ትሸጣለች።

ሲስተር ነኝ፦ የብብት ዲጂታሉ ይበቃል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ዊግ ከፈለግሽ በሰው እልክልሻለሁ።

ማታ ማታ፦ ይቅርታ ሁሉንም አላነበብኩም። ላብራቶሪው የቱ ነው?