በፈጠራ ውድድር አስተባባሪው መምህር እስከ ምን ድረስ ይርዳ? ዳኛውስ ምኑን አይቶ ነጥብ ይስጥ?

ጥያቄ (ሐዋሳ፣ የሳይንስ ክበብ አስተባባሪ)

የተከበራችሁ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በሐዋሳ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ አስተባባሪ ነኝ። በመጪው ክረምት ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን በአራት ቡድን ከፍለን፣ አንድ ችግር ተሰጥቷቸው የየራሳቸውን መፍትሔ በጥቂት ሳምንታት ሠርተው በዳኞች ፊት የሚያቀርቡበት የፈጠራ ውድድር ልናዘጋጅ አስበናል። ከጎረቤት ትምህርት ቤቶችም ቡድኖች ይመጣሉ።

የሚያሳስቡኝ ሁለት ጉዳዮች ናቸው። ባለፈው ዓመት በተካፈልንበት ተመሳሳይ ውድድር አንደኛ የወጣው ቡድን ያቀረበው የውኃ መሳቢያ በእርግጥ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን አንዱ ዳኛ «ይህን መዘውር ለምን ከላይ አደረጋችሁት?» ብለው ሲጠይቁ ልጅቷ ወደ መሣሪያው ሳይሆን ወደ ተመልካቹ ዞራ አባቷን በዓይኗ ፈለገች። የእኔ ተማሪዎች ያን አይተው «ቲቸር፣ እርስዎስ ለምን አይሠሩልንም?» አሉኝ፤ የምመልስላቸው አጣሁ። ሁለተኛው፣ ሦስት ዳኞች ለአንድ ቡድን «ፈጠራ» በሚለው መስፈርት ከ10 አንዱ 9፣ ሌላው 6፣ ሦስተኛው 4 ሰጡ፤ በቅጹም ላይ ከዚያች አንዲት ቃል በቀር ምንም ማብራሪያ አልነበረም። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ (አዳማ፣ የፊዚክስ መምህር)

መምህር፣ በመጀመሪያ ያነሡት ጉዳይ የቀረው ሁሉ የሚቆምበት ስለሆነ በእሱ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። የዚህ ዓይነት ውድድር በዓለም ላይ ከታወቀባቸው አንዱ «ኦዲሲ ኦፍ ዘ ማይንድ» ሲሆን፣ በ1978 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ሳም ሚክለስ በተባሉ የኮሌጅ መምህር የተጀመረ ነው። አንድ ቡድን እስከ 7 ልጆች ይይዛል፤ የሠሩትን ለማሳየት 8 ደቂቃ ይሰጣቸዋል፤ ከቡድኑ ውጭ ያለ ሰው በመፍትሔው ከገባ የቅጣት ነጥብ ይቀነስባቸዋል። ልብ ይበሉልኝ፣ ክልከላው እጅን ብቻ ሳይሆን ሐሳብንም ይጨምራል።

ታዲያ የመምህሩ ሥራ ምን ይሆናል? እኔ የምለየው ሙያን በማስተማርና መፍትሔን በመስጠት መካከል ነው። መጋዝ እንዴት እንደሚያዝ፣ ኮላ እስኪደርቅ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ሦስት ማዕዘን ሲጫኑት እንደ አራት ማዕዘን ለምን እንደማይዛባ ማስተማር የእርስዎ ድርሻ ነው። «እዚህ ጋ አንድ ሰያፍ ጨምሩ» ማለት ግን የልጆቹን ሥራ ከእጃቸው መውሰድ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ቡድን ከስቴኪኒና ከኮላ ድልድይ ሲሠራ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ድልድዩ ደብተር በተጫነበት ቁጥር ወደ ግራ ይዘምማል፤ ምክንያቱም ለእኔ ወለል ብሎ ይታየኛል፣ ከጎን የሚደግፈው ሰያፍ የለውም። እጄን ኪሴ ከትቼ «ሲዘምም መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው የቱ ነው?» ብቻ አልኳቸው። አንዷ ልጅ ጉንጯን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ ከድልድዩ እግር ጋር እኩል ሆና እያየች፣ ጓደኛዋን ደብተሩን አንድ በአንድ አስጫነችው። በሰባተኛው ደብተር ላይ «ይኸኛው እግር ይጠመዘዛል!» ብላ ጮኸች። ሰያፉን አስበው እስኪያስገቡ ሁለት ቀን ፈጀባቸው፤ እኔ ብነግራቸው ሁለት ደቂቃ ይበቃ ነበር። በውድድሩ ዕለት ዳኛው ስለ ድልድዩ ሲጠይቋት ግን የተረከችላቸው እነዚያን ሁለት ቀናት ነው።

ጥያቄዎ በውስጡ መልስ እንዳይሸሽግም ይጠንቀቁ። «ሰያፍ ብታስገቡበትስ?» የሚለው የጥያቄ ምልክት ያለው ትእዛዝ ነው። «ምን አያችሁ? ሌላ ምን ሞከራችሁ? ችግሩ የተጻፈበት ወረቀት በትክክል የሚለው ምንድን ነው?» የሚሉት ይበቃሉ። በተለይ የመጨረሻው ዘወትር መጠየቅ አለበት፤ ልጆች በሥራው ተመስጠው ደንቡን ስለሚረሱ ብዙ ቡድን የሚወድቀው በዚሁ ነው።

መልስ (ሐዋሳ፣ መሐንዲስ፣ በተለያዩ ውድድሮች በዳኝነት ያገለገልኩ)

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። 9፣ 6 እና 4 የሰጡት ዳኞች የተሳሳቱ አይመስለኝም፤ ሦስቱም የለኩት የተለያየ ነገር ነው። አንዱ ውበቱን፣ አንዱ አዲስነቱን፣ ሌላው የልጆቹን አቀራረብ ያዩ ይሆናል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፖል ቶራንስ የፈጠራ አስተሳሰብን ለመለካት በ1966 እ.ኤ.አ. ባወጡት ፈተና አራት ነገሮችን ለይተው ያዩ ነበር፤ እነሱም የሐሳቡ ብዛት፣ የሐሳቡ ዓይነት መለያየት፣ ሌላው ሰው ያላሰበው መሆኑና በዝርዝር የዳበረ መሆኑ ናቸው። እኔ «ፈጠራ» የሚለውን ቃል ከቅጹ አውጥቼ እነዚህን አራቱን እተካበታለሁ። ነገር ግን በመድረክ ላይ የሚታዩት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ለማየት ቡድኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሐሳቡን፣ ንድፉንና የጣለውን ሁሉ የሚመዘግብበት ደብተር ይዞ ይምጣ። የተሰረዘ፣ ኮላ የነካው፣ በሦስት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ የተሞላ ደብተር ሥራው የማን እንደሆነም ይመሰክራል።

ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን ዳኞቹ በአንድነት አንድ የናሙና ሥራ ይመልከቱ፤ ሳይነጋገሩ ነጥብ ይጻፉ፤ ከዚያ ወረቀታቸውን ገልጠው ለምን እንደተለያዩ ይወያዩ። በውድድሩ ዕለትም ወረቀቱ ከንግግሩ ይቅደም። በእኛ ዘንድ በዕድሜ ወይም በማዕረግ ከፍ ያሉት ሰው ቀድመው ከተናገሩ የቀረው ዳኛ አክብሮት ይይዘውና የራሱን ሚዛን ይተዋል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። በአንድ መስፈርት የነጥቡ ልዩነት ከ3 ሲበልጥ ሁለቱም ያዩትን ይንገሩ፤ ዳኛው ነጥቡን የሚለውጠው ግን ያላየው ነገር ከነበረ ብቻ እንጂ ለመስማማት ሲል አይሁን።

ስለ ልጅቷ አንድ ነገር ልጨምር። ወደ አባቷ መዞሯ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ድንጋጤም ሊሆን ይችላል። እኔ በዚህ ጊዜ ጎንበስ ብዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ሞክራችሁት እምቢ ያላችሁ ነገር ምን ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። ራሱ የሠራ ልጅ የተበላሸበትን ሲጠየቅ አፉ ይፈታል፤ ያልሠራው ግን የሥራውን ውድቀት አያውቀውም። ጥያቄውም ለቡድኑ ተናጋሪ ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ልጅ ይድረስ።

መልስ (ሐዋሳ፣ የተወዳዳሪ ልጅ እናት)

ወላጅ እጁን የሚያስገባው በክፋት አይደለም፤ ልጁ እንዳያፍርበት ስለሚሳሳለት ነው። ስለዚህ ደንቡን በውድድሩ ዋዜማ ሳይሆን ገና ከመጀመሪያው ወላጆችን ሰብስባችሁ ንገሩን፤ እግረ መንገዳችሁንም የምንሠራውን ሥራ ስጡን። እኛ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ቆርኪ፣ ካርቶንና ሲባጎ ሰብስበን በማምጣት፣ መክሰስ በማዘጋጀትና ልጆቹን በማመላለስ ደስ ይለናል። ለዕቃ መግዣ የሚወጣው ገንዘብም ጣሪያ ይኑረው፤ አለዚያ ልጆቹ ሳይሆኑ የወላጆች ኪስ ይወዳደራል።

ደግሞም እባካችሁ፣ በቤቱ ሲዳምኛ የሚናገር ልጅ ሐሳቡን በሲዳምኛ እንዲያስረዳ ፍቀዱለት፤ ከዳኞቹም ቢያንስ አንዱ ቋንቋውን የሚሰማ ይሁን። የልጄ ጓደኛ ያን ሁሉ የሠራ ልጅ ሆኖ ሳለ አማርኛው አልመጣለት ብሎ ዝም ሲል አይቼ አንጀቴ ተላውሷል።

መልስ (አዳማ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር)

ልጆቼ፣ ሁላችሁም የጻፋችሁት መልካም ነው። አንድ የቀረ ነገር አለ፤ እሱም ልጆች ሳይዘጋጁ የሚመልሱት ድንገተኛ ጥያቄ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ውድድር የዋናው ችግር መፍትሔ ከ200፣ የአቀራረቡ ውበት ከ50 ሲታሰብ ድንገተኛው ጥያቄ 100 ነጥብ ይይዛል። ቡድኑ ያለ አሰልጣኝና ያለ ተመልካች ወደ አንድ ክፍል ይገባል፤ በቃል በሚመለሰው ዓይነት ልጆቹ በየተራቸው ይመልሳሉ፤ ለተለመደ መልስ 1፣ ለአዲስ መልስ 3 ነጥብ መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ተራ መኖሩን በጣም እወደዋለሁ፤ ጮክ የሚለው ልጅ ዝምተኛዋን አይሸፍናትም።

ለመለማመጃ ከሩቅ አትፈልጉ፤ እንቆቅልሽ አለን። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት» ሲባል ጤዛ የሚለው መልስ የታወቀ ስለሆነ 1 ነጥብ ያገኛል። እኔ በሰፈር ልጆች ላይ ስሞክረው አንዷ «ጥላዬ፤ ስሄድ ፀሐይ ነበር፣ ስመለስ መሽቷል» አለች፤ አንዱ ደግሞ «የሞላች ባጃጅ» አለኝ። ለሁለቱም ያለ ማመንታት 3 ሰጠሁ። ዳኞችም ከዚህ በመነሣት «አዲስ መልስ» የሚሉት ምን እንደሆነ አስቀድመው መስማማት ይችላሉ።

የጠያቂው ተጨማሪ ጥያቄ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሐሳብ መመዝገቢያውን ደብተርና የወላጆቹን ስብሰባ ወስኛለሁ። አንድ ነገር ግን አሁንም ይከብደኛል። ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው የቡድኑ ሥራ በመድረክ ላይ እንደሚፈርስ እያወቅሁ ዝም ልበል? ልጆች ናቸው፣ በሕዝብ ፊት ያለቅሳሉ።

መልስ (አዳማ፣ የፊዚክስ መምህር)

ዝም አይበሉ፤ ነገር ግን የሚፈርስበትን ቀን እርስዎ ያምጡት። ከውድድሩ ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ሁሉም ቡድን ያለውን፣ ያላለቀም ቢሆን፣ በሌሎቹ ቡድኖች ፊት ሙሉ ሸክም ጭኖ የሚፈትንበት ቅዳሜ ይወስኑ። ማንም ነጥብ አይስጥ፤ ወላጅም አይገኝ። የሚፈርሰው ያን ዕለት ይፈርሳል፤ ልጆቹም ስብርባሪውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከየት እንደጀመረ ይፈልጉታል፤ እንደገና ለመሥራትም ጊዜ ይኖራቸዋል። ኮላው በደንብ እንዲደርቅ ሥራውን ሐሙስ ማታ እንዲያቆሙ ይንገሯቸው፤ ይህ ሙያ እንጂ መፍትሔ ስላልሆነ ቢነግሯቸው ከደንቡ አይወጡም።